ጥያቄና መልስ፦ ሃይዌይ ላይ የበቀለ ጥላ

እንደምን ከረማችሁ? በዚህ ወር ሦስት ደብዳቤዎችን አንድ ላይ አወጣሁ። ሁለቱ ከዚሁ ከዳላስ አካባቢ የመጡ ናቸው፣ አንዱ ከአዲስ አበባ። ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ቦታ ነው፤ ዳውንታውን ዳላስ፣ ሙዚየሞቹ ሰፈር ውስጥ ስላለው ክላይድ ዋረን ፓርክ። ለማታውቁኝ፣ እዚያ ሰፈር ከ2003 እስከ 2014 ድረስ ፓርኪንግ ሰርቻለሁ። ፓርኩ ከመኖሩ በፊት ነበርኩ፣ ሲገነባ ነበርኩ፣ ሲከፈትም ነበርኩ። ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴ ከጎንደር ከመጣች ሁለት ወር ሆናት። 70 ዓመቷ ነው። እኔና ባለቤቴ ስራ ስንሄድ ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ብቻዋን ትውላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞል እንወስዳታለን፣ ግን ደስ አይላትም። «ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?» ትለኛለች። ዳውንታውን ያለው ፓርክ ለእሷ ይሆናል? ስንት ይከፈላል? ከጋርላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ይሆናል። የሚከፈል ነገርም የለም። ትኬት የሚቆርጥ የለም፣ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው።

የእናትሽን ጥያቄ ሳነብ ግን ሆዴ ባባ። የኔም እናት በ2014 ልትጠይቀኝ ስትመጣ ይህንኑ ነበር ያለችኝ። እሷ የለመደችው በር ላይ በርጩማ አውጥታ፣ አላፊ አግዳሚውን «ደህና ዋላችሁ» እያለች መዋል ነው። እዚህ ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቤት ሆነባት። በሁለተኛው ሳምንት ምግብ መቀነስ ጀመረች።

አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች ወደ ፓርኩ ወሰድኳት። እዚያ ያሉት ወንበሮች ቀላል ናቸው። መሬት ላይ አልተበየዱም፣ በሰንሰለትም አልታሰሩም። እናቴ አንዱን ነካ አድርጋ «ልጄ፣ ማንሳት ይፈቀዳል?» አለችኝ። ይፈቀዳል አልኳት። አላመነችኝም። ጥበቃው አይቷት ዝም ሲል ጊዜ ነው አንስታ ዛፍ ሥር ያስቀመጠችው።

ጥላው ሲሄድ እሷም ወንበሯን ይዛ ሄደች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ተነሳች። በሦስተኛው ከአንዲት የሜክሲኮ አሮጊት አጠገብ ተቀመጠች። ሴትየዋ የልጅ ልጇን ውሃ ውስጥ ሲራጭ እየጠበቀች ነበር። እናቴ እስፓኒሽ አታውቅ፣ ሴትየዋ አማርኛ አታውቅ። እናቴ ከቦርሳዋ ቆሎ አወጣችና መዳፏ ላይ ሰጠቻት። ሴትየዋ አንድ ፍሬ ቀመሰች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ጨመረች። ሁለቱ እንደ ድሮ ጎረቤት ተቀምጠው ልጁን ሲያዩ ዋሉ። መኪና ውስጥ ስንገባ እናቴ «እዚህማ ሰው አለ» አለችኝ። በቀሩት ሁለት ወራት እሁድ በመጣ ቁጥር ራሷ ነበረች የምታስታውሰኝ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ከጋርላንድ ስለሆንሽ መኪናውን ተዪው። ዳውንታውን ጋርላንድ ጣቢያ የዳርት ሰማያዊ መስመር ባቡር ያዙና ሴንት ፖል ላይ ውረዱ። ከዚያ ማኪኒ አቬኑ የሚሄደው የድሮው ትሮሊ አለ፤ በነፃ ነው፣ ፓርኩ አጠገብ ያወርዳችኋል። ያ የእንጨት ወንበር ያለው ትሮሊ ብቻውን ለእናትሽ ሽርሽር ነው። በመኪና ካልሽ ደግሞ፣ ስራዬ ስለነበር ልምከርሽ፦ ከመግባትሽ በፊት የዋጋውን ሰሌዳ አንብቢ። ኦፔራ ወይም ኮንሰርት ባለበት ማታ ዋጋው ይወጣል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይሻላል፤ በእኛ ሰዓት ነው የምልሽ። ፉድ ትራኮች አሉ፣ የጾም ምግብ ግን በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ድፎና ሻይ በፔርሙስ ያዢ። ሲሞቃት ወይም ሽንት ቤት ስትፈልግ ከመንገዱ ማዶ የዳላስ አርት ሙዚየም አለ። መደበኛ መግቢያው ከ2013 ጥር ጀምሮ በነፃ ነው። የሚዘጋበትን ቀን ደውለሽ አረጋግጪ፣ ውስጡ ኤሲው ስለሚበረታም ጋቢ ያዢላት።

ልጆችሽን አትርሺ። የልጆች መጫወቻ አለ፣ ትልቅ ፏፏቴ አለ፣ ቼዝ አለ፣ ጋዜጣና መጽሐፍ የሚነበብበት ጥግም አለ። ቅያሪ ልብስ ያዢ፤ ሳይረጥቡ አይመለሱም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በዉዳል ሮጀርስ ሃይዌይ በየቀኑ እነዳለሁ። እዚያ ዋሻ ውስጥ ስገባ ሁልጊዜ አስባለሁ። በላዬ ላይ ዛፍ አለ ይሉኛል። ዛፍ ሥር ይሰድ የለም እንዴ? ኮንክሪቱን ሰንጥቆት ቢወርድብንስ? ሹፌሩ፣ ከሪቻርድሰን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ እኔም ለአንድ መሐንዲስ ደንበኛዬ ጠይቄዋለሁ። መኪናውን ሁልጊዜ እኔ ጋ ያቆም ነበር። አንድ ቀን ጊዜ ሲኖረው ናፕኪን ላይ ሥሎ አሳየኝ።

መጀመሪያ፣ ሃይዌዩ ከመሬት በታች ተቆፍሮ የተሰራ ነው። ስለዚህ ፓርኩ ኮረብታ አይደለም፤ ከግራና ከቀኝ ካሉት መንገዶች እኩል ነው። በሃይዌዩ አግድም ከ300 በላይ የኮንክሪት ቢሞች ተጋደሙ። ቢሞቹ ግን ወጥ ሆነው አልተደረደሩም። ጥቂቶቹ አንድ ላይ ይታቀፉና ክፍተት ይተዋል፣ ከዚያ እንደገና ይታቀፋሉ። የክፍተቱ ወለል ዝቅ ተደርጎ በኮንክሪት ተዘጋ። ስለዚህ በቢሞቹ መሃል ረጅም ረጅም ገንዳ ተፈጠረ ማለት ነው። አፈሩ የሚሞላው፣ የዛፉም ሥር የሚዘረጋው እዚያ ገንዳ ውስጥ ነው። ትልቅ የአበባ ማሰሮ በለው። ከ300 በላይ ዛፎች የቆሙት እንደዚህ ነው።

አፈር ይከብዳል፣ ውሃ የጠጣ አፈር ደግሞ ይብሳል። ክብደቱን ለመቀነስ አፈር በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ትላልቅ የፎም ጡቦች ተቀበሩ፤ ቴሌቪዥን ስትገዛ ካርቶኑ ውስጥ እንደሚመጣው ያለ፣ ጠንከር ያለ ፎም። ያ አረንጓዴ ጉብታ የምታየው ሁሉ አፈር አይደለም። አንተ የምትነዳበት ዋሻ ውስጥም ጭስ የሚያስወጡ ማራገቢያዎች አሉ። ቀና ብለህ ብታይ ታያቸዋለህ፣ ግን እየነዳህ አትይ።

ስፋቱ 5.2 ኤከር ነው፣ 2 ሄክታር ከምናምን። ግንባታው በ2009 ተጀምሮ ጥቅምት 27 ቀን 2012 ተከፈተ። ወጪው 110 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ከከተማው፣ ከስቴቱና ከፌዴራል የመጣ ገንዘብ አለበት፤ የቀረውን ለጋሾች ሸፈኑት። ስሙም 10 ሚሊዮን ዶላር የሰጠ የነዳጅ ቱቦ ባለሀብት ልጅ ስም ነው።

አንተ ያልጠየቅከኝን ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም ከታች የሚነዳ ሰው ከላይ ምን እንደነበር አያይም። ያ ሃይዌይ የተጠናቀቀው በ1983 ነው። ዳውንታውንን ከአፕታውን ለሁለት ገመሰው። የኔ ቡዝ ከሃይዌዩ ጠርዝ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነበር። ቀን ቀን የመኪናው ጩኸት ስልክ አያሰማም። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቢሮዎቹ ይዘጋሉ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መኪናው ሁሉ ይወጣል፣ ከዚያ ጭር። መንገድ ላይ አንድ ሰው ሲራመድ ካየሁ ጠፍቶበት ነው። ክረምት ላይ ነፋሱ ከዚያ ጉድጓድ ይነሳና በመስኮቴ ይገባ ነበር።

አንድ ማታ ባልና ሚስት ከሙዚቃ አዳራሹ ወጡ። ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሱፍ ለብሰዋል። ማዶ ማኪኒ አቬኑ ላይ መብራቱ የሚታይ ሬስቶራንት በጣታቸው አሳይተው «በእግር እንዴት እንሄዳለን?» አሉኝ። በዓይን የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። በእግር ግን በዚያ በድልድዩ፣ በጨለማ፣ ሃይዌይ ከሥራቸው እየጮኸ ልልካቸው አልቻልኩም። «መኪናችሁን አውጡ» አልኳቸው። ይህንን መልስ ለስንት ሰው እንደሰጠሁ አላውቅም። 11 ዓመት ያህል ከሰራሁበት ጊዜ ውስጥ ዘጠኙን ስሰጠው ነበር።

ፓርኩ በተከፈተ በመጀመሪያው ወር ነገሩ ተለወጠ። ለሁለት ሰዓት ብሎ ያቆመ ሰው ለስድስት ሰዓት ቆይቶ ይመጣል። ሬስቶራንቱን የሚጠይቀኝን በሣሩ መሃል በጣቴ እየጠቆምኩ መላክ ጀመርኩ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ጋሪ የምትገፋ እናት በቡዜ ፊት ስታልፍ ያየሁ ቀን ቆሜ ነበር ያየኋት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ስራዬ የመረጥኩት ፒያሳ ነው። ቴአትር ቤቱን፣ የድሮ ሆቴሉንና የቀሩትን ቅርሶች በአረንጓዴ ቦታ ለማገናኘት። አስተማሪዬ የዳላሱን ፓርክ ምሳሌ አድርገህ ተመልከት አለኝ። ፎቶውን አይቻለሁ። እዚያ የኖረ ሰው አስተያየት ፈልጌ ነው። ምን ልውሰድ? ምን ልተው? ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ እኔ አርክቴክት አይደለሁም። ግን ያደግኩት እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው፣ ስለዚህ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በመጀመሪያ የምትወስደውን ልንገርህ። ዳላስ የጥበብ ቤቶቿን አንድ ሰፈር ላይ የመሰብሰብ ሃሳብ ያመጣችው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ሙዚየሙ በ1984 መጣ። የሙዚቃ አዳራሹን በ1989 አይ ኤም ፔይ ሰራው። የናሸር የቅርጻ ቅርጽ ማዕከልን በ2003 ሬንዞ ፒያኖ ሰራው፤ እኔ ስራ የጀመርኩት ያን ዓመት ነው። ኦፔራ ቤቱና ቴአትሩ በ2009 ተጨመሩ። በትምህርት ቤት ስማቸውን የምትማራቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ አንድ አንድ ህንፃ አላቸው። መንገዱ ግን ባዶ ነበር። እኔ ምስክር ነኝ። ሰው መኪናውን ያቆማል፣ ትርኢቱን ያያል፣ መኪናውን ያወጣል። ሰፈሩ ውስጥ ሰው የቆየው ምንም ሳይከፍል የሚቀመጥበት ነገር ሲያገኝ ነው። ያ ነገር ደግሞ ወንበርና ጥላ ነው።

ሣሩን ብዙ አትይ። ሣር በፎቶ ያምራል። ሐምሌ ላይ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የዳላስ ሣር ላይ ማንም የለም፤ ሁሉም ዛፍ ሥር ነው። ወንበሩ የሚነሳ መሆኑም ትልቅ ነገር ነው። ሰው ወንበሩን ራሱ ወዳሰበው ቦታ ሲያዞር ቦታው የራሱ ይሆናል። እናቴን አይቼ ነው የምልህ። ሌላው፣ በየቀኑ የሚደረግ ነፃ ነገር አለ፤ ጠዋት ዮጋ፣ ቀን የልጆች ተረት፣ ማታ ሙዚቃ። ፓርኩን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ገንዘቡን ከለጋሽ፣ ፓርኩ ውስጥ ካለው ሬስቶራንት ኪራይና ከዝግጅት ያገኛል። ንድፍህ ላይ ወንበር የሚያነሳ፣ ዛፍ የሚያጠጣ፣ ሽንት ቤት የሚያጸዳ ሰው ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ አንድ ገጽ ጻፍ። የማይጻፈው እሱ ነው፣ ቀድሞ የሚበላሸውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ፎቶው ላይ የማታየው ነገር አለ። ያ ሰፈር ባዶ መሬት አልነበረም። ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች የሰሩት ከተማ ነበር፤ ፍሪድማንስ ታውን ይባላል። በ1873 የመሰረቱት የቅዱስ ጳውሎስ ሜቶዲስት ቤተክርስቲያን ዛሬም በኦፔራው ሰፈር ውስጥ ቆሟል። በ1922 የተሰራው ቡከር ቲ ዋሽንግተን ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ የዳላስ ጥቁሮች ብቸኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ከ1976 ጀምሮ የጥበብ ትምህርት ቤት ሆኗል፤ ዘፋኞቹ ኤሪካ ባዱና ኖራ ጆንስ የወጡት ከዚያ ነው። የድሮው የጥቁሮች ዋይ ኤም ሲ ኤ ህንፃ ዛሬ የዳላስ ብላክ ዳንስ ቴአትር ቤት ነው። እነዚህ ቀሩ። ቤቶቹ ግን የሉም። በ1940ዎቹ ሴንትራል ኤክስፕረስዌይ ሲሰራ በመቃብራቸው ላይ ሄደ። በ1990ዎቹ መንገዱ ሲሰፋ አርኪዎሎጂስቶች ከ1,100 በላይ መቃብር አውጥተው ሌላ ቦታ አሳረፉ። መታሰቢያው ሌመን አቬኑ ጥግ ላይ አለ። በእግር ሄጄ አይቼዋለሁ፣ አንተም ዳላስ ከመጣህ ከፓርኩ በፊት እሱን እይ።

ይህን የምነግርህ ለምን እንደሆነ ይገባሃል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ቪዲዮውን የላከልኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው። በእኛ ጊቢ ስድስት አባወራ ነበርን። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ልብስ ማስጫ ገመድ፣ መሃል ላይ አንድ የኮክ ዛፍ። ማታ ማታ ሬዲዮ የሚሰማው እዚያ ኮክ ሥር ነበር። ቤቶቹ አርጅተው ነበር፣ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ሽንት ቤቱም አሳፋሪ ነበር፤ አልዋሽህም። ግን ስድስቱ አባወራ ዛሬ በየአቅጣጫው ነው። ከሁለቱ ጋር ብቻ ነው የምደዋወለው።

ስለዚህ ንድፍህን ከዛፍ አትጀምር። ከሰው ጀምር። ሀገር ፍቅር ቴአትር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ትርኢት ሲያልቅ ሰው የት ነው የሚቆመው? ጣይቱ ሆቴል በረንዳ ላይ ቡና ሲጠጡ የነበሩት ሽማግሌዎች ዛሬ ማን ጋ ነው የሚቀመጡት? የሎተሪ አዟሪዋ፣ ሊስትሮው፣ ሻይ የምትሸጠዋ የት እንዲሆኑ አሰብክላቸው? ከጥቂት ቀን በኋላ ጥበቃ መጥቶ የሚያባርራቸው ከሆነ ያ ቦታ ፎቶ መነሻ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ሰፈር የተነሱ ሰዎችን ፈልገህ ቢያንስ አስሩን አነጋግር። የት እንደሄዱ፣ በእሁድ ለመምጣት ስንት ታክሲ እንደሚይዙ ጠይቃቸው። ፓርክህ ለእነሱ የሚደረስ መሆን አለበት።

ከሚተወው አንዱን ልጨምር። ፓርኩ ሲመጣ የአካባቢው የመሬት ዋጋ ተወነጨፈ። ናሸር ጎን በመስታወት የተለበጠ 42 ፎቅ አፓርታማ ተሰራ፤ መስታወቱ ፀሐይን እያንጸባረቀ የሬንዞ ፒያኖን ጣሪያ አልፎ ሙዚየሙ ውስጥ ይገባ ጀመር። አትክልቱን አቃጠለ ተባለ፣ በከተማው ትልቅ ጭቅጭቅ ሆነ። አረንጓዴ ቦታ ሲሰራ ዙሪያው ምን እንደሚቆምና ምን ያህል ከፍ እንደሚል አብሮ ካልተወሰነ፣ ጥላ ፈልገህ የሰራኸው ቦታ በጎረቤት ህንፃ ይበላል። ፒያሳ ላይ ይህን በከፍታ ሥዕል አሳይ፤ አስተማሪህ ደስ ይለዋል።

ስለ ዛፍ ምርጫ ጠይቀኸኛል፣ በደብዳቤህ ግርጌ። ባሕር ዛፍ አታስብ፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩም ህንፃ አጠገብ አይሆንም። ዝግባና ወይራ በዝግታ ያድጋሉ ብለህ አትፍራቸው። ኮክም አንድ ብትጨምር አልቃወምህም።

ንድፉን ስትጨርስ ላክልኝ። ጥላው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት እንደሚያርፍ ግን በእርሳስ ምልክት አድርግበት፤ ወንበሮቹንም እዚያ ሣላቸው።